ገጽ 43 ላይ በእርሳስ የተጻፈው

ሐምሌን በንባብ አሳለፍኩት። የደሴን ሐምሌ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጠዋት የጦሳ ተራራ በጉም ይሸፈናል። ከሰዓት ዝናቡ ይወርዳል። ማታ መብራት ይጠፋል። እኔ መምህር ነኝ፤ ትምህርት ዝግ ነው። ጋቢዬን ተከናንቤ ስምንት መጽሐፍ ጨረስኩ። ሰባቱ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለዶች ናቸው። ነሐሴ 1 ቀን በደሴና ኮምቦልቻ አንባቢዎች መድረካችን ላይ ስለዚሁ ጻፍኩ። 41 መልስ መጣ። ዘግይታችሁ የገባችሁ፣ የመልሶቹ ክር ረዘመብን ከየት እንጀምር ስላላችሁ፣ ከላይ ጀምሬ እተርክላችኋለሁ።

የመክፈቻ ጽሑፌ አንድ አቋም ነበረው። ጥሩ ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ መጨረሻውን እያወቁትም ልብ ይሰቅላል አልኩ። መጨረሻው ሲታወቅ የሚበላሽ መጽሐፍ ሁለተኛ አይነበብም፤ ሁለተኛ የማይነበብ ደግሞ እኔ ቤት መደርደሪያ ላይ ቦታ የለውም።

እዚህ ላይ ያደረሰኝ ሸዋ በር አካባቢ በቀን 5 ብር የተከራየሁት አሮጌ መጽሐፍ ነው። ሽፋን የለውም። ርዕሱም ደራሲውም አይታወቅም። የሚጀምረው ከገጽ 21 ነው። ጀርባው በጫማ ሰፊ ክር ተሰፍቷል። ወረቀቱ ቡናማ ሆኗል፤ ጠርዙን ሲነኩት ይፈረፈራል። ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ አንድ ሻንጣ ተረስቶ ይገኛል፤ አንዲት ወጣት የሻንጣውን ባለቤት ፍለጋ ትነሣለች። ገጽ 43 ላይ አንድ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ብቅ ይላል። ገና ስሙ ከመጠራቱ፣ ከእኔ በፊት የተከራየ ሰው ከጎኑ በእርሳስ «ገዳዩ እሱ ነው» ብሎ ጽፎበታል። ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

በጣም ተናደድኩ። መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ግድግዳው ገፋሁት። ማታ ግን አላስቻለኝም፣ ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ነው መናገር የፈለግኩት። ባለመድኃኒት ቤቱ ለልጅቷ ሻይ ሲቀዳላት እጄ ቀዘቀዘ። ፈገግ ብሎ ኮቷን ሲያቀብላት ትንፋሼን ያዝኩ። ደራሲው ስለ ሰውየው አንድ ክፉ ቃል አልጻፈም። የሚያስፈራው ደግነቱ ነበር። እንዲህ ሆኜ 170 ገጽ ሄድኩ። ገጽ 212 ላይ ልጅቷ የበሩን እጀታ እንደያዘች መጽሐፉ አለቀ። የቀሩት ቅጠሎች ተቀድደዋል።

በዚያው ሳምንት የፍሬድሪክ ፎርሳይዝን «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» ደገምኩት። በ1971 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። አንድ ቅጥር ነፍሰ ገዳይ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎልን ሊገድል ይነሣል። ደ ጎል ግን በ1970 እ.ኤ.አ. ቤታቸው ውስጥ በተፈጥሮ ሞት ማረፋቸውን ዓለም ያውቃል። ሰውየው እንደማይሳካለት ገና ሳትከፍቱት ታውቃላችሁ። አሳታሚዎችም ረቂቁን የመለሱት በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ውጤቱ የታወቀ ታሪክ ማን ይገዛል ብለው። ሲታተም ግን ዓለምን አዳረሰ። ጠመንጃው በልክ ሲሠራ፣ የሐሰት ፓስፖርቱ ሲወጣ፣ ፖሊሱ አንድ እርምጃ ወደኋላ ቀርቶ ሲከተለው፣ ሁሉን እያወቅኩ ገጹን ለመግለጥ እቸኩላለሁ። ለምን ይሆን? ብዬ ጠይቄ የመክፈቻ ጽሑፌን ዘጋሁ።

1ኛዋ መላሽ ከሆጤ የምትጽፍ እህት ናት። አመስግናኝ የቀሩትን መጻሕፍት ዝርዝር ጠየቀች። ነገርኳት፦ ከአጋታ ክሪስቲ በ1926 እ.ኤ.አ. የታተመው የሮጀር አክሮይድ ግድያ፣ የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ፣ ሁለት የጄምስ ሃድሊ ቼዝ፣ አንድ ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚጠራጠሩበት አዲስ ትርጉም። ስምንተኛው የግጥም መጽሐፍ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን አቆየሁት።

2ኛው መላሽ ከእኔ በተሻለ አስረዳ። የፊልም ሰው ነው መሰለኝ፣ አልፍሬድ ሂችኮክ የሰጠውን ምሳሌ አመጣ። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ያወራሉ። ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ሳያውቅ ቢፈነዳ የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ታተርፋላችሁ። ቦምቡ መኖሩንና የሚፈነዳበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ብትነግሩት ግን ያው ተራ ወሬ የ15 ደቂቃ ጭንቅ ይሆናል። የእኔ እርሳስ ያንን ቦምብ ያሳየኝ ሰው ነው ማለቱ ነበር። ደስ አለኝ።

3ኛዋ ከቧንቧ ውሃ የጻፉ እናት ናቸው። የሂችኮክን ስም እንደማያውቁት፣ ነገሩን ግን እንደሚያውቁት ገለጹ። ለልጅ ልጆቻቸው የአያ ጅቦን ተረት ከመቶ ጊዜ በላይ አውርተዋል። ልጆቹ መጨረሻውን በቃላቸው ያውቁታል። አንድ ቃል ከዘለሉባቸው ያርሟቸዋል። ሆኖም ጅቡ በሩን ሲያንኳኳ ሁልጊዜ እግራቸውን ወደ ብርድ ልብሱ ይሰበስባሉ። እግራቸውን መሰብሰባቸውን ሲጽፉ እኔም ወለሉ ላይ የነበረውን እግሬን ሰበሰብኩ። ከ41ዱ መልሶች ይችን አብልጬ እወዳታለሁ።

4ኛው መላሽ የኮምቦልቻ ተማሪ ነው። ፊት ለፊት ተቃወመኝ። የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ በደራሲና በአንባቢ መካከል የሚደረግ ውድድር ነው ይላል። ክሪስቲ ማስረጃውን ሁሉ ዓይናችን ሥር ዘርግታ እያለ አለማየታችን ነው ጥበቡ። ገጽ 43 ላይ የጻፈው ሰው የአንባቢውን ዕድል ሰርቆታል፤ እኔ ደግሞ ሌባውን እያመሰገንኩ ነው። ቃሉ ጠንከር ቢልም እውነት አለበት። ሁለት ዓይነት መጽሐፍ በአንድ ከረጢት ከትቼ ነበር። አንዱ ማን ገደለው ብለን የምንፈልግበት ነው። ሌላው ሲመጣ እያየነው የምንፈራበት። ይኼንኑ ጽፌ አመሰገንኩት።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። 5ኛው መላሽ ግን እኔን ለመደገፍ ብሎ የዚያን የ1926ቱን መጽሐፍ መጨረሻ ዘርግፎ ጻፈው። ከ6 እስከ 9 ያሉት መልሶች እሳት ናቸው። ሁለት ሰዎች መጽሐፉን ያን ዕለት ማታ ሊጀምሩ ነበር። አንዱ የእኔ አቋም የወለደው ፍሬ ይኼው ነው ብሎ ወቀሰኝ። አድሚኑ መልሱን አጠፋው፤ ልክ ነው ያደረገው። እኔም ይቅርታ ጠየቅኩ። አውቆ መርጦ ማንበብና ሳይጠየቁ መነገር ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው አሁንም የምቆመው።

10ኛዋ መላሽ ንዴቱን ለማብረድ ወሬ ቀየረች። ክሪስቲ ራሷ በዚያው ዓመት፣ በ1926 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ፣ ለ11 ቀናት ደብዛዋ ጠፍቶ አገር ምድሩ ሲፈልጋት ቆይቶ አንድ ሆቴል ውስጥ መገኘቷን አጫወተችን። ምን ሆና እንደነበር ለማንም በቅጡ ሳትናገር ነው የሞተችው። ሰው ሁሉ መላ ምቱን ሲያዘንብ 11ኛው፣ 12ኛውና 13ኛው መልስ አለቁ።

ከዚያ ጋሼ ገቡ። ጋሼ የምንላቸው እኚህ አባት ረጅም ዘመን በወንጀል መርማሪነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ መድረካችን ላይ ሁላችንም አንቱ ነው የምንላቸው። በ14ኛው መልስ ብዙ ነገር አረሙ። አማርኛ ልብ ወለዶቻችን ውስጥ ተጠርጣሪ ይያዝና መርማሪው እንዳሻው ሲያመላልሰው ይከርማል። በሕጋችን ግን የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። ምርመራው ካላለቀ ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ሰውየው እንደታሰረ ምርመራው የሚቀጥልበት ተጨማሪ ቀን ይጠይቃል። በመደበኛው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ዳኛው በአንድ ጊዜ የሚፈቅደው ከ14 ቀን አይበልጥም። መርማሪው በ14ኛው ቀን ባዶ እጁን ቆሞ ዳኛው ቀና ብለው ሲያዩት የሚሰማውን ጋሼ ያውቁታል። ምስክሩ ገጠር ነው። የሐኪም ማስረጃው አልመጣም። መኪናው ነዳጅ የለውም። ዳኛው ሰውየውን በዋስ ቢለቁት ሌላ ሰው ሊሞት ይችላል፤ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ አንድ ሌሊት ተጨማሪ መታሰሩ ግፍ ነው። ይኼን የሚያህል ልብ ሰቃይ ነገር ቤታችን ተቀምጦ ደራሲዎቻችን የሰው አገር ሰዓት ቆጣሪ ቦምብ ለምን እንደሚበደሩ አልገባቸውም።

እኔም ይኼን አስቤው አላውቅም። የሚጽፍ ሰው እያነበበኝ ከሆነ እባካችሁ አንድ ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ጊዜ ቀጠሮ እስከ ሁለተኛው ድረስ ጻፉልን። 15ኛው መላሽ አንድ ሙከራ ጀምሬአለሁ ብሏል። ጋሼ ረቂቁን ሊያዩለት ቃል ገቡ።

ቀጥለው የመጡት ቀለል ያሉ ናቸው። 16ኛው ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ እየተመላለሰ የሚሠራ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ጉሙ መስኮቱን ሲጋርደው ሰው ሁሉ ዱዓና ጸሎት ይጀምራል፤ እሱ መጽሐፍ ያወጣል። በመጽሐፉ ፍርሃት የመንገዱን ይረሳል። አንድ ቀን ምዕራፉ ሳያልቅ መኪናው ቆሞ ረዳቱ ትከሻውን ነቅንቆ ነው ያስወረደው። 17ኛው የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ነው። እሱ ልብ አንጠልጣይ የሚያነበው ከንጋቱ 11 ሰዓት በኋላ ብቻ ነው። በእኩለ ሌሊት የሞከራት ቀን ቆርቆሮ ላይ የተንኮሻኮሸች ድመት ፊሽካውን አስነፍታዋለች።

18ኛው መልስ ክሩን ቀጥ አደረገው። አንድ ወንድማችን፣ እናንተ ፍርሃትን እየገዛችሁ ትዝናናላችሁ አለ። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ውስጥ በዚህ ከተማ የነበረ ሰው የበር እጀታ ሲንቀሳቀስ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ገዳይ የሚባለውን ቃል ለጨዋታ መጠቀም ያሳፍራል። የሱ ቤት መጻሕፍት በዚያን ጊዜ ጠፍተዋል። ከዚያ ወዲህ ልብ ወለድ አልነካም። ሦስት ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም። እኔም ጣቴን ስልኩ ላይ አድርጌ ቃል አጣሁ።

19ኛዋ መላሽ ነርስ ናት። ሳትከራከረው ነበር የመለሰችለት፤ ወንድምዓለም ብላ ነው የጀመረችው። እሷ በእነዚያ ሳምንታት ጎረቤቶቿ ጋር ተጠግታ ነበር። አሥራ አንድ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ያድራል። በሻማ ብርሃን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንድ የስለላ መጽሐፍ ለሁሉም ታነብላቸው ነበር። ሁሉም ቀድሞ አንብቦታል ወይ ሰምቶታል። ለዚህ ነው የመረጡት። የውጪው ፍርሃት መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ አልነበረም። የመጽሐፉ ግን ገጽ 280 ላይ እንደሚያልቅ ሁሉም ያውቃል። ሻማ ለመቆጠብ በየሌሊቱ አሥር ገጽ ብቻ ያነቡ ነበር።

ወንድማችን በ20ኛው መልስ አመሰገናት፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔ መጨረሻውን ማወቅ ስለሚሰጠው ነገር ስሟገት ከርሜ፣ ነገሩን በደንብ የተረዳሁት እሷ ስትጽፈው ነው።

21ኛው መላሽ ኦሮማይን ከቼዝ ጎን መዘርዘሬ ቅር አሰኝቶታል። ትልቅ መጽሐፍ ስለሆነ ከልብ አንጠልጣይ ጋር አይቆጠርም ባይ ነው። አልተስማማሁም። ኦሮማይ ሰላዮች፣ ከበባና ክህደት ያለበት መጽሐፍ ነው፤ ይኼ ትልቅነቱን አይቀንሰውም። የሚተርከው የኤርትራው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ምን ላይ እንደደረሰ ሁላችን እናውቃለን። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው መታገዱን፣ ደራሲው የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አለመመለሱን እናውቃለን። ይኼን እያወቅኩ የጋዜጠኛውን ቀልድ ሳነብ ሆዴ ይረበሻል። 22ኛዋ ደግፋኝ መጽሐፉ በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ መታተሙን አስታወሰች።

23ኛው ወጣት፣ ዴርቶጋዳ የተባለው ልብ ወለድ በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ ክፍላቸው ውስጥ አንድ ቅጂ ብቻ ስለነበር በተራ ሌሊት ሌሊት እየወሰዱ ማንበባቸውን አወጋ። ተራው ያልደረሰው ልጅ በእረፍት ሰዓት ጆሮውን ይዞ ይሮጥ ነበር፣ እንዳይነግሩት። 24ኛው ትልቅ ሰው ከዚያ በፊት ማሞ ውድነህ ነበሩ አሉ። በተረጎሟቸው የስለላ መጻሕፍት አንድ ትውልድ አማርኛ ማንበብ ለምዷል፤ ደግሞም የወሎ ልጅ ናቸው። 25ኛው ዋግ ነው የተወለዱት፣ ዋግ ኽምራ ዛሬ ራሱን የቻለ ዞን ነው ብሎ አረመ። 26ኛው ያኔ ወሎ ውስጥ ነበር ብሎ መልሶ አረመ። ይኼ ክርክር እስከ 28 ሄደ። ብዙም አልጠቀመንም።

ከ29 እስከ 33 ጠብ ነው። አንድ ሰው የአዳዲስ ልብ ወለዶች ፒዲኤፍ የሚለቀቅበትን የቴሌግራም ቻናል ሊንክ ለጠፈ። መጽሐፍ የሚሸጥ አባላችን ጮኸበት። ለጣፊው፣ መጽሐፍ ስንት እንደገባ አታውቅም ወይ፣ ለአስተማሪ ደመወዝ ነው የማስበው አለ፤ ደመወዙ የእኔው ስለሆነ ነካኝ። ያረጀ መጽሐፍስ የሕዝብ ነው የሚል ሌላ መጣ። 32ኛዋ የሕግ ባለሙያ ናት። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት እንደሚጠብቀው አስረዳች። ሊንኩ ተነሣ። እኔ ከመጽሐፍ ሻጩ ጋር ነኝ። አንድ ደራሲ 14 ቀን ጊዜ ቀጠሮን ልብ ወለድ እንዲያደርግልን እየለመንን ዳቦውን መቀማት አንችልም። መግዛት ያቃተው ይከራይ፤ ኪራይ ቤቶቹ አሁንም አሉ።

34ኛዋ መልስ ስትመጣ ከወንበሬ ተነሣሁ። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ አካባቢ የምትኖር እህት ናት። ድሬዳዋ፣ ባቡር ጣቢያ፣ የተረሳ ሻንጣ የሚለውን አንብባ የሟች አባቷን ሣጥን ከፈተች። ያው መጽሐፍ አለ። የሷም ሽፋን የለውም፤ ርዕሱን እሷም አታውቀው። የሷ ግን የጎደለው መሀሉ ነው፤ መጀመሪያውና መጨረሻው አለ። እስከ ገጽ 236 ይሄዳል።

በ35ኛው እንድታውሰኝ ለመንኳት። በ36ኛው ፎቶ አንስታ ልትልክ አሰበች፤ ወረቀቱ ሲጫኑት እየተሰነጠቀ አስቸገራት። በ37ኛው ያ የሐረጎው ተመላላሽ ወንድማችን እኔ አመጣዋለሁ አለ። በማግስቱ ማታ መነኻሪያ በር ላይ፣ በዝናብ፣ በስኳር ላስቲክ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ ተቀበልኩት። መንገድ ላይ አለመክፈቱን ምሎልኛል። ፊቱን አይቼ አመንኩት።

ቤት ገብቼ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋሁ። የኔ ከ21 እስከ 212፣ የሷ ከ213 ወዲያ። ልጅቷ በሩን ከፈተች። 24 ገጽ በአንድ ትንፋሽ አነበብኩ።

እርሳሱ ተሳስቷል። ባለመድኃኒት ቤቱ ገዳይ አይደለም።

ይኼን በ38ኛው መልስ ጻፍኩ፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ግን አልነገርኩም። መጽሐፉን ሊያነቡ የተሰለፉ አሉ። ያ የኮምቦልቻ ተማሪ በ39ኛው ወዲያው ደረሰብኝ። አውቄ አነበብኩ ያልከው ሳታውቅ ነው፣ ስለዚህ አቋምህ ወድቋል ነው የሚለው። ሌሊቱን አሰብኩበት። ሂችኮክ ጠረጴዛ ሥር ቦምብ አልነበረም፤ እኔ ግን 15 ደቂቃዬን ተጨንቄአለሁ። አንድን ደግ ሰው 170 ገጽ ሙሉ ፈራሁት፣ ሻይ ሲቀዳ ጠላሁት። ከገጽ 43 እንደገና ጀመርኩ። አሁን ሻዩ ሌላ ነው። ሰውየው ለልጅቷ የሚፈራላት እሱ ብቻ ነበር፤ ቃሉ ሁሉ እዚያው ተጽፎ ነበር፣ እርሳሱ ጋርዶብኝ። ለተማሪው፣ ግማሽ ድል ያንተ ነው፣ ሁለተኛው ንባብ ግን የእኔ ነው ብዬ መለስኩለት።

40ኛው መልስ የጋሼ ነው። አጭር ናት። ሥራ ላይ ሳሉ አንድ መዝገብ ሽፋን ላይ ከእሳቸው በፊት የነበረ መርማሪ የአንድ ሰው ስም ጽፎ ከሥሩ አስምሮበት እንደነበርና፣ እሳቸውም ያንን ስም ሲከተሉ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ እንዳለፈባቸው ጻፉ። ሰውየው ንጹሕ ነበር። በኋላ ሄደው ይቅርታ ጠይቀውታል።

41ኛዋ የኮምቦልቻዋ እህት ናት። የአባቷ ቅጂ መሀሉ ስለጎደለ እሷም ታሪኩን ሙሉውን አንብባ አታውቅም። አከራዩን አስፈቅጄ፣ ማስያዣውን ጨምሬ፣ ሁለቱንም መጽሐፍ በዚያው ላስቲክ ጠቅልዬ ዛሬ ጠዋት በሚኒባስ ላክሁላት። ገጽ 43 ላይ ያለውን እርሳስ ላጥፋው አላጥፋው ብዬ ላጲስ ይዤ ቆይቼ ነበር። ተውኩት። ገጹን በወረቀት ሸፍኜ በክሊፕ ያዝኩትና ከላዩ፣ ማንሣት አለማንሣቱ የአንቺ ነው ብዬ ጻፍኩላት።